ዝም ያለውም ታሞ ይሆናል
(ስለ ስኪዞፍሬኒያ ሕመም የተዘጋጀ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአገራችን የሰው አእምሮ ሲታመም የምንናገርባቸው ቃላት ብዙ ናቸው። «ጨርቁን ጣለ» እንላለን፤ «ነካ አድርጎታል» እንላለን፤ «ለከፈው» እንላለን። የኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም «መራታ» ይላሉ። እነዚህን ቃላት ልብ ብለን ብንመረምራቸው የሚናገሩት በውጭ ስለሚታየው ነገር ነው፤ ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ተቀደደው ልብስ፣ በገበያ መካከል ስለሚደረገው ሩጫ። በሕመምተኛው ውስጥ ስለሚሆነው ግን የሚነግሩን ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚጮኸውን «እብድ» ብለን ስንሸሸው፣ በቤቱ ጥግ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ደግሞ «ሰነፍ» ብለን እንንቀዋለን። ሁለቱ ግን በአንድ ሕመም የተያዙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዛሬ የምንማማርበት ሕመም በሕክምና ቋንቋ ስኪዞፍሬኒያ ይባላል። ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእኛ ዕድሜ፣ ማለትም ከዐሥራዎቹ ዓመታት መጨረሻ እስከ ሠላሳ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ በሁሩታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ሰው እንዲህ ሲሆን ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚያማክረው ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያንን ሰው ነው፤ ካህኑን፣ የንስሐ አባቱን፣ ዲያቆኑን፣ አንዳንዴም እኛን ወጣቶቹን። በዚያች ሰዓት የምንሰጠው ምክር የአንድን ሰው ሕይወት ሊያቀና ወይም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሳናውቅ ከመምከር አስቀድሞ ማወቅ ይገባናል።

፩. የሕመሙ ስምና ምንነት

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ክሬፔሊን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ይህን ሕመም ከሌሎች የአእምሮ ሕመሞች ለይቶ ገለጸው። እርሱ ግን ሕመሙ እየከፋ የሚሄድና ተስፋ የሌለው አድርጎ ነበር የሚመለከተው። ከዚያ በኋላ ብሎይለር የተባለ የስዊስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1908 «ስኪዞፍሬኒያ» የሚለውን ስም አወጣለት። ብሎይለር ሕመምተኞቹን በቅርብ ሲከታተል ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚሻላቸው መሆኑን አስተውሏል።

ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ አንደኛው መከፈልን፣ ሁለተኛው አእምሮን ያመለክታል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰዎች «ሁለት ሰው የመሆን በሽታ» ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። የተከፋፈለው በአንድ ሰው ውስጥ ያለው ሐሳብ፣ ስሜትና ፈቃድ ነው። በእርሻችን ምሳሌ ብንናገር፣ በአንድ ቀንበር የተጠመዱት ሁለት በሬዎች አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ሲጎትት ትልሙ እንደሚጣመም ማለት ነው። ገበሬው አለ፤ በሬዎቹም አሉ፤ የጠፋው ስምምነቱ ነው።

ሕመሙ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሃይማኖት ሕመም አይደለም። በዓለም ላይ ከ300 እስከ 350 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ በዚህ ሕመም እንደሚኖር ይገመታል። በሀብታሙም በድሃውም፣ በተማረውም ባልተማረውም ቤት ይገኛል።

፪. ምልክቶቹ

የስኪዞፍሬኒያን ምልክቶች በአራት ከፍለን ብንመለከታቸው ለማስታወስ ይቀለናል።

ሀ. የሌለውን መስማትና ማየት። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ድምፅ መስማት ነው። ሕመምተኛው ማንም ሳይናገር ሰው ስሙን ሲጠራው፣ ሲሰድበው፣ ሲያዝዘው፣ ወይም ሁለት ሰዎች ስለ እርሱ ሲነጋገሩ ይሰማል። ይህ ድምፅ ለእርሱ እኛ አሁን የምንነጋገረውን ያህል እውነተኛ ነው። ብቻውን ሲናገርና ሲስቅ የምናየው ብዙ ጊዜ ለሰማው ድምፅ ሲመልስ ነው።

ለ. ጽኑ የሐሰት እምነት። ጎረቤት መርዝ እንዳበላው፣ ሰዎች እንደሚከታተሉት፣ በሬዲዮ የሚነገረው ሁሉ ስለ እርሱ እንደሆነ፣ ሐሳቡን ሰው እንደሚሰርቅበት ያምናል። በማስረጃ ብንከራከረው አይለውጠውም።

ሐ. የንግግርና የአድራጎት መዘበራረቅ። ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ያለ ማያያዣ ይዘላል፤ ሰሚው ፍሬ ነገሩን ሊይዝ አይችልም። በሙቀት ጊዜ ልብስ ይደርባል፤ ወይም ያለ ምክንያት ይነሣል፣ ይቀመጣል።

መ. የነበረው ነገር መጉደል። ይህ ዋና ትኩረታችን ነው። ወጣቱ ከጓደኞቹ ይርቃል፤ መታጠብ ይተዋል፤ ፊቱ ደስታም ኀዘንም አያሳይም፤ ሲጠይቁት በአንድ ቃል ይመልሳል፤ ሥራ ለመጀመር ፈቃዱ ይደክማል። አይጮኽም፤ ማንንም አይጎዳም። በዚህም ምክንያት ሕመም መሆኑን የሚጠረጥር አይኖርም።

ከእነዚህም ጋር የማስታወስና አንድን ነገር ልብ ብሎ የመከታተል ችሎታ ይቀንሳል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የ20 ዓመት ወጣት በሐሳባችን እንውሰድ። አባቱ ስንዴ አራሽ ነው። ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ነበር፤ በመዝሙርም ያገለግል ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ትምህርቱን ተወ፤ ከመዝሙር ቀረ፤ በአጨዳ ጊዜ ማጭዱን ይዞ ማሳ ዳር ቆሞ ይውላል። አባቱ «ስንፍና ገባው» ብሎ ተቆጣ፤ እናቱ «ዓይነ ጥላ ነው» ብላ አለቀሰች፤ እኛ ጓደኞቹ «ኮራብን» ብለን ተውነው። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሌሊት እየጮኸ ሲወጣ ነው ሰፈሩ ሁሉ «አበደ» ያለው። ሕመሙ የጀመረው ግን በዚያች ሌሊት አይደለም። ሲጀምር ሁላችንም በአጠገቡ ነበርን።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝም ያለ ሁሉ ስኪዞፍሬኒያ አለበት ማለት አይደለም። ኀዘን፣ ድብርት፣ ዓይን አፋርነትም ሰውን ዝም ያሰኛሉ። ደግሞም በወባ ወይም በሌላ ትኩሳት፣ በመጠጥ፣ በሚጥል በሽታ፣ ከወሊድ በኋላም ሰው ሊቀባዥር ይችላል። በድንገት ተጀምሮ ትኩሳት ያለበት መቀባዠር በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ ያለበት አስቸኳይ ሕመም ነው። ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነው። ስኪዞፍሬኒያ ለመባልም ምልክቶቹ ቢያንስ ለአንድ ወር መቆየት አለባቸው። የእኛ ድርሻ ስም ማውጣት ሳይሆን መለወጡን አስተውሎ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

ሌላም ጥያቄ ከወጣቶች ይነሣል። «በጸሎት ጊዜ የእግዚአብሔርን መልስ በልቡ የሰማ ሰውስ ታሟል ማለት ነውን?» አይደለም። በጸሎት የሚጽናና ሰው ሥራውን ይሠራል፤ ከወንድሞቹ ጋር በፍቅር ይኖራል፤ የአባቶችን ምክር ይቀበላል። ሕመም የያዘው ሰው ግን ድምፁ ያስጨንቀዋል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ከሰው ይለየዋል፤ አንዳንዴም ራሱን እንዲጎዳ ያዝዘዋል። ፍሬውን አይቶ መለየት ይቻላል።

፫. ከሐይቁ ማዶ የተገኘው ትምህርት

ይህን ሕመም በኢትዮጵያ ገጠር ለማወቅ ከተደረጉት ጥናቶች ዋነኛው የተካሄደው በቡታጅራ ነው። ቡታጅራ ከእኛ ሩቅ አይደለችም። የአርሲ ደጋ ከዝዋይ ሐይቅ በስተምሥራቅ ሲሆን ቡታጅራ በስተምዕራብ ናት። ሕዝቡም እንደ እኛ አብዛኛው አራሽ ነው።

ከ1990 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ዶክተር ደረጀ ከበደ፣ ዶክተር አታላይ ዓለም፣ ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎችን በየቤቱ አስጠየቁ። ከእነዚህ ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 321 ሰዎች ተገኙ። ይህም ከ1,000 ሰው 5 ያህል መሆኑ ነው። ይህን ወደ እኛ መልሰን እንቁጠረው። በጥምቀት በዓል ታቦቱን አጅቦ ከሚወርደው ምእመን 2,000 ያህሉ በዚያ ዕድሜ ላይ ቢሆኑ፣ በዚሁ ስሌት 9 ወይም 10 የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው ወይም ነበረባቸው ማለት ነው። ምናልባትም አንዳንዶቹ በበዓሉ ላይ አልተገኙም፤ በቤት ቀርተዋል።

ጥናቱ ሌሎች ነገሮችንም አሳይቷል። ሕመሙ የጀመረበት ዕድሜ በአማካይ ለወንዶች ወደ 24፣ ለሴቶች 21 ዓመት ገደማ ነበር። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከላይ በ«መ» የገለጽነው የመጉደል ምልክት ነበረባቸው። ከዚያ በፊት ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት ግን ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። በተጨማሪም ከተገኙት ሕሙማን ወንዶቹ የሴቶቹን አምስት እጥፍ ያህል ነበሩ። በሌላው ዓለም እንዲህ የሰፋ ልዩነት አይታይም። እኛ ስናስበው፣ ሴት ልጅ ከቤት ሳትወጣ በጓዳ ስለምትቀር ሕመሟ ከወንዱ ይልቅ የሚሰወር ሊሆን ይችላል። ስለ እኅቶቻችን ይህን ልብ እንበል።

ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው በቡታጅራ የአገር ሽማግሌዎችና የታወቁ ሰዎች «የአእምሮ ሕመም በምን ይታወቃል?» ተብለው ተጠይቀው ነበር። ብዙዎቹ የጠቀሱት ብዙ መናገርን፣ ጠበኛነትንና እንግዳ ጠባይን ነው። እንግዲህ ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ እናስተያያቸው። ሕዝቡ ሕመም የሚለው የሚጮኸውን ነው፤ ከአምስቱ ሕሙማን በአራቱ ላይ ግን ዝምታና ድካምም ነበረ። ያላየነው ሕመም በመካከላችን አለ የምንለው ስለዚህ ነው።

የቤተሰቡም ሸክም ቀላል አይደለም። በዚያው ስፍራ ስኪዞፍሬኒያና ሌላ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዘመዶች ሲጠየቁ፣ 75 በመቶው በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚደርስባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ከሦስቱ አንዱ ያህል ዘመዳቸው መታመሙን ለመደበቅ ይፈልጉ ነበር። መጽናኛቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ብዙዎቹ «ጸሎት» ብለዋል። ወደ ጸሎት ቦታ የሚመጣው ይህ ቤተሰብ በእኛ ዘንድ ሐሜትን ካገኘ ወዴት ይሂድ?

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የሞታቸው ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታትለው፣ ዕድሜያቸው ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት በሚጠጋ እንደሚያጥር አገኙ። ከሞቱት ግማሽ ያህሉ የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነው። ሰው «እብድ ነው» ከተባለ በኋላ ሲያስል፣ ሲያተኩሰው፣ ሲከሳ የሚያስተውለው የለም ማለት ነው። የሚገድለው ስኪዞፍሬኒያ ብቻ ሳይሆን ቸል መባሉ ነው።

፬. ምክንያቶቹ

ስኪዞፍሬኒያ አንድ ብቻ ምክንያት የለውም። ብዙ ነገሮች ተደራርበው የሚያመጡት ሕመም ነው።

የመጀመሪያው ውርስ ነው። ከጠቅላላው ሕዝብ በሕይወት ዘመኑ የሚታመመው ከ100 ሰው እስከ አንድ ያህል ሲሆን፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ዕድሉ ወደ 10 ከፍ ይላል። ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ቢታመም ሁለተኛው የሚታመምበት ዕድል ከግማሽ አይበልጥም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ውርስ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ብቻውን አይወስንም። ከታመመው ሰው ቤት 10 ልጆች ቢወለዱ 9 ያህሉ ጤነኞች ይሆናሉ። ስለዚህ «የእብድ ዘር ነው» ብሎ ጋብቻ መከልከል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሁለተኛው በማኅፀንና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሆላንድ አገር በጦርነቱ ምክንያት ጽኑ ረኀብ ሆኖ ነበር። በረኀቡ ወራት የተፀነሱት ልጆች ካደጉ በኋላ ሲመረመሩ በስኪዞፍሬኒያ የተያዙት ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ሆነው ተገኙ። በቻይናም ከ1959 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ከነበረው ረኀብ በኋላ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ነፍሰ ጡርን መመገብ፣ ምጥ ሲረዝም ፈጥኖ ማድረስ ለልጁ አእምሮም የሚደረግ ጥበቃ ነው።

ሦስተኛው ሱስ ነው። ሃሺሽ ማጨስ፣ በተለይ በልጅነት ተጀምሮ ሲዘወተር፣ ሕመሙን ሊያመጣ እንደሚችል ጥናቶች ያረጋግጣሉ። በአካባቢያችን በየጊዜው የሚቃመው ጫትም በውስጡ አእምሮን የሚያነቃ ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ጫትን አብዝቶ መቃም የታመመውን ሰው ሕመም ያባብስበታል፤ እንቅልፉንም ይነሣዋል።

አራተኛው የኑሮ ጫና ነው። በልጅነት የደረሰ ድብደባና ግፍ፣ ስደትና ባይተዋርነት ድርሻ አላቸው። ወደ አውሮፓ የሄዱ ስደተኞች ከአገሬው ሕዝብ ይልቅ በዚህ ሕመም እንደሚያዙ በተደጋጋሚ ታይቷል። በየዓመቱ ከአርሲ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱትን እኅቶቻችንን እዚህ ላይ እናስባቸው። ታመው ሲመለሱ «ምን ሠርታ ይሆን?» ከማለት «ምን ደረሰባት?» ማለት ይገባል።

እነዚህ ሁሉ ተደራርበው በአንጎል ውስጥ ያለውን ዶፓሚን የተባለ የመልእክት ንጥረ ነገር ሥርዓት ያዛባሉ። ዶፓሚን «ይህ ነገር ትኩረት ይገባዋል» ብሎ ለአንጎል የሚናገር ነው። ሲበዛ ተራ ነገር ሁሉ ልዩ ትርጉም ያለው ይመስላል፤ የጎረቤት ሳል ምልክት፣ የአላፊ ሰው አየት ማድረግ ዛቻ ይሆናል።

ምክንያት ያልሆኑትንም እንጥቀስ። የእናት ክፉ አስተዳደግ ምክንያት አይደለም። የሕመምተኛው ወይም የወላጆቹ ኀጢአት ነው ብሎ መፍረድም አይገባም። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ «ማን በደለ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን ጥፋቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ እንዳላደረገ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እናነባለን።

፭. ሕክምናው

በአገራችን የመጀመሪያው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ሲሆን፣ የተቋቋመው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከአገሪቱ ማእዘናት ሁሉ ሕሙማን ወደዚያ ይወሰዱ ነበር። በዚያን ጊዜ በዓለምም ቢሆን ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ለሕሙማን ተሰጥቶ ድምፁና ጭንቀቱ ሲቀንስ ታየ። ከዚያም ሃሎፔሪዶል፣ በኋላም ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ተከተሉ። ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚያስቸግረው ሰው በየወሩ ገደማ የሚወጋ መርፌም አለ።

እነዚህ መድኃኒቶች የዶፓሚንን መብዛት ያረጋጋሉ። ድምፁንና የሐሰት እምነቱን በብዙዎች ላይ ይቀንሳሉ፤ ዝምታውንና የፈቃድ ድካሙን ግን የሚረዱት በጥቂቱ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ትዕግሥት፣ ሥራና ወዳጅ ነው። የጎንዮሽ ጉዳትም አላቸው፤ እጅ ማንቀጥቀጥ፣ የሰውነት መገተር፣ መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ፣ ውፍረት። እነዚህ ሲመጡ መድኃኒቱን መጣል ሳይሆን ለሐኪሙ ነግሮ ማስተካከል ነው።

ብዙ ሰው ሲሻለው «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው መድኃኒቱን ከቀጠሉት ከ100 ሰው 27 ሲሆኑ፣ ካቆሙት ግን 64 ናቸው። ስለዚህ ሳይነጋገሩ ማቆም አደጋ ነው።

ዛሬ ሕመምተኛ ሁሉ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም። በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክትትል በአእምሮ ነርስ ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተካሂዷል። ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ ጎበኙ፤ መድኃኒት እንዲወስዱ አበረታቱ፤ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ ረዱ። በዓመቱ ሲታይ የተጎበኙት ሕሙማን የዕለት ኑሯቸውን ለመምራት የነበረባቸው ችግር መድኃኒት ብቻ ካገኙት ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ወንድሞችና እኅቶች፣ የተላኩት እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ናቸው!

፮. ጠበልና መድኃኒት

አሁን ከባዱ ጥያቄ ላይ ደርሰናል። «ልጃችንን ጠበል እናስጠምቀው ወይስ ሐኪም ቤት እንውሰደው?» የሚል እናት ወይም አባት ቢመጣብን ምን እንመልሳለን? አንዳንዶች «መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው» ይላሉ። በዚህ ምክር ክኒኑን ጥሎ የባሰበት ሰው ጥቂት አይደለም።

ቅዱስ መጽሐፍ እንዲህ አላስተማረንም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ይነግረናል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑንም ያስረዳል። ጸሎትንና ሕክምናን በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን አኑሯቸዋል። ወንጌልን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር። ማቴዎስም በምዕራፍ 4 ወደ ጌታ የመጡትን ሕሙማን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ ሌሎቹን ሕሙማን ለብቻ ይጠራቸዋል። ሁሉን ሕመም በአንድ ስም አልጠራም፤ እኛም አንጥራ።

አባቶቻችንም በዚህ ተናግረዋል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ስለሚወስዱ ምእመናን ሲናገሩ፣ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አስታውቀዋል። የአእምሮ ሕመምን በተመለከተም በእንጦጦ ማርያም የጠበል ስፍራ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው፣ የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒታቸውንም የሚያገኙበት ሥራ ተሠርቷል። ካህኑ ሐኪሙን አልነቀፈም፤ ሐኪሙም ጠበሉን አልናቀም።

ስለዚህ መልሳችን «ሁለቱንም» ነው። ጠበሉ ይቀጥል፤ መድኃኒቱም አይቋረጥ። በጾም ወራት ክኒኑ የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይገባል፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ርኅሩኅ እናት ናት። ደግሞም ወደ ጠበል የሚወሰደው ሰው የሚበላው፣ የሚለብሰውና የሚጠብቀው ዘመድ ሊኖረው ይገባል።

ማሰርንም በሚመለከት፣ ቤተሰብ ልጁን በሰንሰለት የሚያስረው ብዙ ጊዜ ከጭካኔ ሳይሆን ሌላ መንገድ ስለሚያጣ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን ከመውቀስ ይልቅ ወደ ሕክምና የሚሄድበትን መንገድ አብረን እንፈልግለት። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው ብዙ ጊዜ በሰንሰለት አስረውት እንዳልጠቀመው ተጽፏል። ጌታ ከፈወሰው በኋላ ግን ለብሶና ተቀምጦ ተገኘ፤ ወደ ቤቱና ወደ ወገኖቹም ተላከ። የፈውሱ ፍጻሜ ወደ ቤት መመለሱ ነበር።

፯. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

1ኛ. ከማኅበራችን የራቀውን እንጠይቅ። ከጉባኤ ለአንድ ወር የቀረ አባል ቢኖር ሁለት ሆነን ቤቱ እንሂድ። «ለምን ቀረህ?» ብለን ለመውቀስ ሳይሆን እንዴት እንደሆነ ለማየት ነው።

2ኛ. ምልክቱን ካየን ቤተሰቡን በትሕትና እንምከር። አስቀድሞ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ አሰላ ሆስፒታል እንዲደርሱ እንርዳ። ሕክምናው በቶሎ ሲጀመር ውጤቱ ያምራል። የትራንስፖርት ገንዘብ ቢቸግራቸው ከሙዳየ ምጽዋታችን ወይም ከዕድር መጠየቅ ይቻላል።

3ኛ. አነጋገራችንን እናርም። ሕመምተኛው «ሊገድሉኝ ነው» ቢለን «ውሸት ነው» ብለን አንከራከረው፤ «አዎን እውነት ነው» ብለንም አንዋሸው። «ይህ በጣም የሚያስፈራ ነው፤ እኔ አጠገብህ ነኝ» ማለት ይበቃል። በዝግታ፣ በአጭሩ፣ ሳንከበው እንናገር።

4ኛ. በቤት ውስጥ ጭቅጭቅ እንዲቀንስ እንምከር። በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት፣ ከሆስፒታል ወጥተው ወቀሳና ቁጣ ወደ በዛበት ቤት የተመለሱት ሕሙማን ሕመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽባቸው አሳይቷል። ቁጣ ሕመሙን አልፈጠረውም፤ ግን ይቀሰቅሰዋል።

5ኛ. ሥራ እንስጠው። ወንበር መደርደር፣ ግቢ መጥረግ፣ ከበሮ ማምጣት ትንሽ ሥራ ነው፤ ለእርሱ ግን ወደ ሰው መመለሻ በር ነው።

6ኛ. «መሞት እፈልጋለሁ» የሚል ወይም ድምፅ ራሱን እንዲጎዳ ያዘዘው ሰው ብቻውን እንዳይሆን፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይድረስ። ቃሉን እንደ ቀልድ አንቁጠረው።

7ኛ. ልጆች በመንገድ የታመመ ሰው ሲከተሉና ድንጋይ ሲወረውሩ ብናይ ዝም ብለን አንለፍ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ በዚያ መካከል ከተገኘማ ኀፍረቱ የሁላችን ነው።

ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጣራ ከፍተው፣ ወደ ጌታ እንዳወረዱት እናውቃለን። ያ ሰው በራሱ እግር መምጣት አይችልም ነበር። ፈቃዱ የደከመበት ወንድማችንም ተነሥቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አይችልም። እኛ አራት እንኳ መሆን አያቅተንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በስንፍናና በመጉደል ምልክት መካከል ያለውን ልዩነት በምን እናውቃለን?
2. አንድ ቤተሰብ «ሰው እንዳያውቅብን» ብሎ ቢለምነን፣ ምስጢሩን ጠብቀን እንዴት ልንረዳው እንችላለን?
3. ከክፍላችን ለሦስት ወር ያህል ያልታየ አባል ማን ነው? በዚህ ሳምንት ማን ይጠይቀዋል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።